የዶክተሯ ግራ እጅ

እኛ ላውንደሪ ውስጥ አንዲት ዶክተር አለች። ሆስፒታሉ ውስጥ ሌሎችም ዶክተሮች አሉ፤ እነሱን ግን የምናውቃቸው በጋውናቸው ብቻ ነው። የሕፃናቱ ሐኪም ኪሱ ሁልጊዜ በከረሜላ የተጣበቀ ነው። የቆዳ ሐኪሟ አንገቷ ላይ የምትቀባው ነገር በየትኛውም ሳሙና አይለቅም። ዋናው የቀዶ ጥገና ሐኪም እጅጌው ላይ ሻይ ሳያፈስ ውሎ አያውቅም፤ ይሄ እጅ ሆድ ሲከፍት እንዴት ይረጋ ይሆን እያልን ለበሽተኛው እንጸልያለን። የኛዋ ዶክተር ግን ወረፋ የላት፣ ካርድ የላት። ሥራዋ የነዚህን ሁሉ ጋውን መተኮስ ነው።

ትምህርቷ ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም። እኔ ስድስተኛ ደርሻለሁ፤ ግን እስከ ዛሬ ስለ ሆዱ ቁርጠት የጠየቀኝ ሰው የለም። እሷን የማይጠይቃት የለም። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የሐኪም ልብስ ስትተኩስ እውቀቱ ከእንፋሎቱ ጋር ገብቶባታል ብለን ሳናምን አልቀረንም። ካውያውን አታቆምም፣ ቀና አትልም፣ ፍርዱን ትሰጣለች።

«እትዬ፣ ጎኔን ይወጋኛል።»

«ከላይ ነው ከታች?»

«መሀል።»

«መሀል ከሆነ ነፋስ ነው። ከታች ቢሆን ኖሮ እነግርሽ ነበር።»

ከታች ቢሆን ምን ልትል እንደነበር ማንም አይጠይቃትም። ጎኑን የሚወጋው ሰው መሀል በመሆኑ ተደስቶ ይሄዳል። በማግስቱ ከተሻለው «ዶክተሯ አለችኝ» ይላል፤ ካልተሻለው ደግሞ ቦታውን በደንብ ስላላሳያት ራሱን ይወቅሳል። እንዲህ ዓይነት ሐኪም መሆን የማይፈልግ ማን አለ?

ላውንደሪያችን ሁለት አገር ነው፤ እርጥቡና ደረቁ። እርጥቡ ገንዳዎቹና ማሽኖቹ ያሉበት ነው። ከሁለቱ ማሽኖች አንደኛው እኔ ከመቀጠሬ በፊት ጀምሮ «ሊጠገን ነው»። እዚያ ያለን ሰዎች እስከ ክርናችን በረኪና ውስጥ ነን። ጓንት አለ፤ ቀዳዳው ከጣቱ ይበዛል። ክረምት ከበጋ የእጃችን ቆዳ እንደ አሮጌ ሳሙና ይሰነጠቃል። ደረቁ አገር ደግሞ የማጣጠፊያው ቦታና አንድ የመተኮሻ ጠረጴዛ ነው። ጠረጴዛው መስኮት ሥር ነው። ሞቃት ነው። በርጩማ አለው። እዚያ የሚቆም ሰው ውሃ የሚነካው ጣቱን ነክሮ ጋውን ላይ ለመርጨት ብቻ ነው።

የዚህ ጠረጴዛ ሕግ አንድ ነው፤ አይቀዝቅዝ። ጠረጴዛው ላይ የምትቆመው ሴት አንድ ቀን ከቀረች፣ ያን ቀን በሥራ ዘመን የምትከተላት ትቆምበታለች፤ የቀረችው ስትመለስ ወደ ገንዳ ትወርዳለች። ታመምኩ የለ፣ ለቅሶ ደረስኩ የለ። ሕጉን ማን እንዳወጣው አይታወቅም፣ የተጻፈበት ወረቀትም የለም፤ ለዚህም ይመስለኛል ማንም ሊሽረው ያልቻለው። አለቃችን ደግሞ ይወደዋል። እሱን ፉጨት ነው የምንለው፤ ከመግባቱ በፊት ኮሪደሩ ላይ በጥርሱ መሀል ስለሚያፏጭ። ሰውን ሳያስጠነቅቅ የማይደርስ አለቃ ማግኘት መታደል ነው። ስለ ጠረጴዛው ሲጠየቅ «ሰው ነው ጠረጴዛ የሚጠብቀው እንጂ ጠረጴዛ ሰው አይጠብቅም» ይላል፤ ተናግሮ ሲጨርስም ራሱ ይገረማል።

ዶክተሯ ጠረጴዛውን ያገኘችው በዚሁ ሕግ ነው። ከእሷ በፊት የነበረችው ሴትዮ ጥርሷን ታማ አንድ ቀን ቀረች። ጥርሷን ነቅላ ስትመለስ እሷም ከጠረጴዛው ተነቅላ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ዶክተሯ አንድ ቀን ቀርታ አታውቅም። እናቷን ቀብራ ከሰዓት በኋላ መጥታ ተኩሳለች። ሌላው ቀርቶ ጠረጴዛውን ወደ ራሷ አዙራዋለች። ግራኝ ስለሆነች ገመዱ በግራ፣ የውሃው ጣሳ በቀኝ፣ የሚሰቀልበት ብረት በስተጀርባ። ሌላ ሰው ቢቆምበት የሰው ቤት ወጥ ቤት ውስጥ እንደገባ ይደናበራል።

ግራኝነቷ የራሱ ታሪክ አለው። ልጅ ሆና ትምህርት ቤት አስተማሪው ግራ እጇን በመቀነት ከዴስኩ እግር ጋር ያስርባት ነበር። ሦስት ዓመት ታስራ በቀኟ መጻፍ ለመደች፤ ከዚያ አቋረጠች። «ከትምህርት የተረፈኝ በቀኝ መፈረም ነው» ትላለች። ደመወዝ ስትቀበል በቀኟ ስትፈርም ምላሷን ወደ ውጪ አውጥታ ነው። ከብዕሩ ውጪ ያለው ሁሉ፣ ማንኪያውም፣ ካውያውም፣ ጥፊውም በግራ ነው።

በሥራ ዘመን ከእሷ ቀጥሎ ያለሁት እኔ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፣ አሥራ አንዱም ገንዳ ላይ። ጠረጴዛውን አልተመኘሁም ብል ውሸት ነው። ክፉ ግን አልተመኘሁላትም። ትንሽ ጉንፋን ብቻ። አንድ ቀን የሚያስተኛ፣ ጉዳት የሌለው፣ መልካም ጉንፋን። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሴትዮዋ አላስነጠሰችም።

ክትባቱ የመጣው በመርፌ ምክንያት ነው። ሐኪሞቹና ነርሶቹ ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ ግን ኪሳቸው አያስታውስም። መቀስ፣ እስክሪብቶ፣ የልጅ ፎቶ፣ አንዳንዴም መርፌ ከጋውኑ ጋር ወደ ገንዳ ይመጣል። ባለፈው ዓመት ከእኛ መሀል ጭምት የምንላትን ልጅ አንዱ ወጋት። ጭምት ያልናት ስለማትናገር ነው፤ ያን ቀን ግን ጩኸቷ ማዋለጃ ክፍል ድረስ ተሰማ ተባለ፤ እዚያ ያሉት ሴቶች እንኳ ዝም ብለው አዳመጡ አሉ። ከዚያ ወራት ሙሉ ደሟን እየሰጠች ውጤት ስትጠብቅ ከረመች። በመጨረሻ ምንም አልተገኘባትም፤ ኪሎዋ ግን ሄዶ ቀረ። ከዚህ በኋላ ነው ላውንደሪ ውስጥ የምንሠራ ሰዎችም እንደ ነርሶቹ የጉበት ክትባት እንድንከተብ የተወሰነው። ሰው የወፍ በሽታ የሚለው፣ ዓይን ቢጫ የሚያደርገው፣ በደም የሚተላለፍ ዓይነት አለ፤ ለእሱ ነው። ሦስት ጊዜ ነው፤ አሁን አንድ፣ ከወር በኋላ አንድ፣ በስድስተኛው ወር አንድ። ግዴታ አይደለም፤ ፈቃደኛ የሆነ ይመዝገብ ተባለ።

ማስታወቂያው በሩ ላይ ተለጠፈ። ያነበበችልን ዶክተሯ ናት። መነጽሯን አድርጋ፣ በጣቷ እየተከተለች፣ ስለ ጉበቱ ያለውን ሁሉ ዘልላ ወደ ታች ወረደች።

«ሊያስከትላቸው የሚችሉ ስሜቶች፣» አለች ጮክ ብላ። «መርፌው ያረፈበት ቦታ ሕመም። መጠነኛ ትኩሳት። ድካም። ራስ ምታት።» መነጽሯን አወለቀች። «ይኸው። ራሳቸው ጽፈውታል። እኔ ብል ኖሮ አሟረተች ትሉ ነበር።»

«እንግዲህ ለጤና ብለው…» አለች ጭምት። ቀስ ብላ ነው፣ እንደ ልማዷ።

«አንቺ ተወግተሽ ምን ሆንሽ? ምንም! መርፌ ወግቶሽ ያልታመምሽውን፣ ታመሚ ብለው ሌላ መርፌ ሊወጉሽ ነው። ሰው እንዴት ሁለቴ ይታለላል?»

ሁሉም ሳቁ። ጭምትም ሳቀች፤ ግን ያን ቀን ከሰዓት ጣቷን ስትመለከት አየኋት።

እኔ ደግሞ ስድስተኛ ክፍል የደረስኩ ሰው አይደለሁ? ዶክተሯ ካቆመችበት ቀጥሎ ያለውን መስመር አነበብኩት። «አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይጠፋል፤ እረፍት ሊያስፈልግ ይችላል» ይላል። እረፍት። ደግሜ አነበብኩት። በማኅተም የተረጋገጠ፣ ሆስፒታሉ ራሱ የሚሰጠኝ፣ የማላፍርበት ትኩሳት። ገንዳ ደግሞ እንደ ጠረጴዛው አይደለም፤ ብትቀሪ የሚቀማሽ የለም። ሁለት ቀን ጀርባዬን አልጋ ላይ አሳርፌ፣ ሌላ ሰው ሻይ አፍልቶልኝ። የዚያኑ ዕለት ተመዘገብኩ።

ቤት ገብቼ ለባሌ ነገርኩት።

«ሰው እኮ እንዳይታመም ነው የሚከተበው፣» አለኝ።

«እኔም እንዳልታመም ነው።»

«ታዲያ ትኩሳቱን ስታወሪ ፊትሽ ለምን በራ?»

 ከባል ጋር ሃያ ዓመት መኖር ክፋቱ ይሄ ነው፤ አይረዳሽም፣ ግን ያውቅሻል።

ከሰባታችን የተመዘገብኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። ዶክተሯ ለምን እንዳልፈለገች ሌሎቹ ባያውቁም እኔ አውቃለሁ። ከትኩሳት ፈርታ አይደለም፤ ትኩሳት ይዟት ብትቀር ጠረጴዛው ስለሚሄድ ነው። የሚሄደውም ወደ እኔ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ከጉንፋን የጠበቀችውን በገዛ ፈቃዷ ሄዳ ለመርፌ አሳልፋ ልትሰጥ? የሆነ ሆኖ ምክንያቷን አልተናገረችም፤ ይልቅስ ስለ ጉበት ማስተማር ጀመረች። ጉበት ራሱን የሚያክም ብልት ነው፣ አትነካኩት አለች። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ማስታወቂያው ከተለጠፈ በሳምንቱ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ፣ ዶክተሯ የዚያኑ ሻይ አፍሳሽ ሐኪም ጋውን እየተኮሰች ነበር። ካውያው ኪሱ ላይ ሲደርስ «ቂጭ» አለ። እኔ ገንዳ ላይ ሆኜ ሰማሁት። እሷ ጨርቁን ለመወጠር በቀኝ እጇ ኪሱን ይዛ ነበርና፣ መርፌው ጨርቁን በስቶ ከአውራ ጣቷ ጎን ወጣ። አልነካትም። የስንዴ ቅንጣት ያህል ቀርቶታል።

ካውያውን አቆመችው። በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ስትቀመጥ ሳያት ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር፤ በርጩማው ለጌጥ ነበር የሚመስለኝ። መርፌዋን በሁለት ጣት አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን አደረገቻት። አጥቤ የላክሁት ጋውን ነው፤ ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ ኪሱን ሳልፈትሽ ያሳለፍኩትም እኔ ነኝ። ይህን ሁለታችንም አውቀን ሁለታችንም አልተናገርነውም።

«ያ ክትባት፣» አለች፣ «መቼ ነው ያልሽኝ?»

«ነገ። ማክሰኞ።»

«ሰዓቱ?»

«ስምንት። ግን ጉበት ራሱን ያክማል ብለሽ…»

«ዝም በይ ወዲያ። እኔ የምሄደው ለራሴ አይደለም፤ አንቺን እንዴት እንደሚወጉሽ ልታዘብ ነው። አንዷ እንኳ ካልታዘበቻቸው እነዚህ ምን እንደሚሠሩ ምን ይታወቃል?»

ስለዚህ በማግስቱ ልትታዘበኝ መጣች፤ ለመታዘብም እጅጌው ሰፊ የሆነ ቀሚስ ለብሳ ነበር።

ክትባት የሚሰጥበት ክፍል ጠባብ ነው። አንድ ፍሪጅ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የሚስቅ ሕፃን ሥዕል። ነርሷ የእኔን ልጅ የምታክል ናት፤ ጋውኗን ሳየው አወቅኋት፤ ሦስተኛው ቁልፍ ሁልጊዜ የሚላላባት ናት። በትሕትና ነው የምታናግረን። አለርጂ እንዳለን፣ መድኃኒት እንደምንወስድ፣ ከዚህ በፊት ተከትበን ታመን እንደምናውቅ ጠየቀችን። ቀጥሎም ለዶክተሯ፣

«እማማ፣ በየትኛው እጅዎ ነው የሚጽፉት?»

«እማማ» መባሏ ቆጥቋጧታል፤ አንገቷን ቀና አደረገች። እስክሪብቶ የማትይዝ መሀይም መሰልኳት ብላ ነው መሰለኝ፣ እንደ ተማሪ ፈጥና መለሰች።

«በቀኝ! በቀኜ ነው የምጽፈው።»

«እሺ፣ እንግዲህ የማይጽፉበትን እንውሰድ፤ ትንሽ ሊያምዎት ስለሚችል ሥራ እንዳይፈቱ። ግራውን ይስጡኝ።»

ዶክተሯ ዓይኗን ጨፍና ፊቷን ወደሚስቀው ሕፃን አዞረች። ግራ እጅጌዋ ወደ ላይ ተጠቀለለ። ካውያው የሚያርፍበት እጅ። ማንኪያውም፣ ጥፊውም።

እኔ ከጎኗ ነበርኩ። አይቻለሁ። አፌን ከፍቼም ነበር። ነርሷ በጥጥ እስክታሻሽ፣ መርፌዋን እስክታዘጋጅ፣ አንድ ሰው «ቆይ» ለማለት የሚበቃ ጊዜ ነበረው፤ ተርፎትም ለማሳል ይበቃዋል። ረስቼው ነው ብል ደስ ባለኝ። ዝም አይነቅዝም አልኩ ለራሴ፣ ዝም አልኩ። ተወጋች።

«አለቀ?» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ።

«አለቀ።»

«ምንም አይደል እኮ! ይሄን ነው የምትፈሩት?» አለች ወደ እኔ ዞራ። እኔ ፈርቼ አላውቅም።

ቀጥሎ እኔ ተወጋሁ። አግዳሚው ላይ አሥራ አምስት ደቂቃ ተቀመጡ ተባልን፤ ድንገት ሰውነት ከተቆጣ ቶሎ እንዲረዱን። እስከዚያው ነርሷ ነገረችን፤ ሲያማችሁ እርጥብ ጨርቅ አድርጉበት፣ እጃችሁን አታሳርፉት፣ ቀስ እያላችሁ አንቀሳቅሱት፣ ትኩሳቱ ከበረታ ፓራሲታሞል፣ ውሃ ጠጡ፤ ከሁለት ቀን ካለፈ ወይም ካበጠ ኑ። ዶክተሯ እያንዳንዱን ቃል ራሷን እየነቀነቀች ተቀበለች፤ ልክ ነሽ፣ እኔም ይሄንኑ ልል ነበር እንደማለት።

ያን ምሽት ለባሌ «ነገ ላልነሳ እችላለሁ» አልኩት። ሻይ ቅጠሉና ስኳሩ ያለበትን አሳየሁት። ጠዋት ነቃሁ። ግንባሬን ዳሰስኩ፤ ቀዝቃዛ። እጄን አነሳሁ፤ ተነሳ። ይባስ ብሎ ወገቤ፣ ዓመት ሙሉ የሚያመኝ ወገቤ፣ ያን ቀን አላመመኝም። እንዲህ ያለ ጤና ደርሶብኝ አያውቅም።

«ሻይ ላፍላልሽ?» አለኝ ባሌ ከአልጋው ሳይነሳ።

«ድኛለሁ፣» አልኩትና ሥራ ሄድኩ።

ዶክተሯ ከእኔ ቀድማ ደርሳለች። ሁለት ሹራብ ደርባ፣ ራሷን በነጠላ ጠቅልላ፣ ግራ እጇን በቀኟ እንደ ሕፃን ታቅፋ ጠረጴዛው ፊት ቆማለች። ካውያው ግሏል። እየተንቀጠቀጠች ነው። እንደምንም ግራ እጇን ዘርግታ ካውያውን ልታነሳ ሞከረች፤ እስከ ደረቷ እንኳ ሳይደርስ መልሳ አስቀመጠችው።

«ድንጋይ ሆኗል፣» አለች። «እጄ አይደለም፣ የሰው እጅ ነው።»

ቀጥሎ በቀኟ ሞከረች። በብዕር ብቻ የለመደ እጅ ካውያ ምን ያውቃል፤ እንደ ፊርማ ዝግ ብሎ ሄደ። የቆዳ ሐኪሟ ጋውን አንገት ላይ የመዳፍ ያህል ቢጫ ጠባሳ ወጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያ የምትቀባው ነገር ሳይታይ ቀረ።

ካውያውን ቁጭ አድርጋ ዞር ብላ አየችኝ። ሌሎቹ ገንዳው ጋ ናቸው፤ የሚሰማን አልነበረም።

«በየት ትጽፊያለሽ ስትለኝ ነው እኮ፣» አለች። «በየት ትተኩሻለሽ ብትለኝ ኖሮ… አንቺ አጠገቤ ነበርሽ። አይተሽ ነበር?»

«አይቻለሁ።»

«ዝም አልሽ።»

«ዝም አልኩ፣ እትዬ።»

ስትሰድበኝ ጠበቅኩ። ቢያንስ ያ ይገባኝ ነበር። እሷ ግን በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ በትኩሳት የቀላ ዓይኗን አሻሸች።

«ከእኔ በፊት የነበረችውን ሴትዮ አታውቂያትም፣» አለች። «ጥርሷን ያመማት ጊዜ፣ ነገ ቢሻለኝስ፣ ልቻለው ነበር ያለችው። ነቅለሽ ጣይው ያልኳት እኔ ነኝ። ዛሬውኑ፣ ሥሩ ወደ አንጎል ሳይሄድ አልኳት። ያኔ ገንዳ ላይ ነበርኩ። ለሰው የሰጠሁት የመጀመሪያ ምክር እሱ ነው።» ትንሽ ሳቀች፤ ሳቋ እጇን አሳመማት። «ከዚያ ወዲያ ነው ሰው ሁሉ ዶክተር ያለኝ። አንቺ እኮ ዝም ብቻ ነው ያልሽው። ደህና ሰው ነሽ። በይ ተኩሺ፤ ቀንሽ ደርሷል።»

አሥራ አንድ ዓመት የጠበቅኩት ቀን እንዲህ ሆኖ ነው የመጣው፤ በሹራብ ተጠቅልሎ፣ እየተንቀጠቀጠ። ካውያውን አነሳሁ። ገመዱ በተቃራኒ ነው፣ ጣሳው በተቃራኒ ነው፤ ሁለቴ ውሃውን በክርኔ ደፋሁት። ግን ሞቃት ነበር። በመስኮቱ ፀሐይ ይገባል። እጄ ደረቀ። ሰው በሕይወቱ ደረቅ እጅ ምን ያህል እንደናፈቀው የሚያውቀው ሲደርቅለት ነው።

ኮሪደሩ ላይ ፉጨት ተሰማ።

ዶክተሯ ከበርጩማዋ ልትነሳ ሞክራ መልሳ ተቀመጠች። ደብቂኝም ተይኝም አላለችም፤ ጠረጴዛውን ብቻ አየችው። ሰው ሸጦት የሄደውን ቤት በመንገድ ሲያልፍ እንደሚያየው ነው ያየችው።

አለቃችን ገባ። እኔን ጠረጴዛው ላይ፣ እሷን በርጩማው ላይ አየና ፉጨቱን አቋረጠ።

«ምንድን ነው? ጠረጴዛው እጅ ለወጠ እንዴ?»

«አልለወጠም ጋሼ፣» አልኩ። ከአፌ የወጣው ሳላስበው ነው። «የእሷ ነው። መጥታለች፣ ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ ናት፤ አልቀረችም። እኔ እንዳይቀዘቅዝ ነው የያዝኩላት።»

ጠጋ ብሎ መዳፉን ጠረጴዛው ላይ አደረገ። ያቃጥላል። ሕጉ የሚለው አይቀዝቅዝ ነው፤ አልቀዘቀዘም። ማን ይተኩስ የሚል ደግሞ ሕጉ ውስጥ የለም። ፊቱ ላይ ሲያስብ ይታያል፤ ማሰብ ስለሚያደክመው ወደ ዶክተሯ ዞረ።

«እርስዎስ? ክትባት ወሰዱ ሲባል ሰማሁ። ያማል እንዴ?»

ሁሉም ከገንዳው ቀና አሉ። ጭምት እንኳ ቧንቧውን ዘጋች። ስድስት ሴቶች የዶክተሯን አፍ ጠበቁ። እውነቱን ብትናገር፣ አሞኛል መሥራት አልቻልኩም ልትል ነው፤ ከዚያ ጠረጴዛው አለቀለት።

«ኧረ ምን ያማል!» አለች፤ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ነው። «ትንኝ ናት። ትንኝ እንኳ አይደለችም። እኔማ ተቀምጬ ይቺን አተኳኮስ እያስተማርኳት ነው።»

«እና ነጠላው?»

«እንዲህ ስጠቀለል ያምርብኛል ብዬ ነው። አያምርብኝም?»

ፉጨት ሳቀና ሄደ። ፉጨቱ ከመጥፋቱ ሴቶቹ እጃቸውን እያራገፉ ከበቧት። ከዶክተሯ አፍ «አያምም» ወጥቷል፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? እስከ ምሳ ሰዓት አምስቱም ተመዘገቡ። መጀመሪያ የሄደችው ጭምት ናት። ወረቀት ላይ የተጻፈውን እውነት አንብባ ከክትባቱ ያራቀቻቸው ሴት፣ ፊት ለፊት ዋሽታ አስከተበቻቸው። ከዚያ በኋላ እጃቸውን ሲያማቸው ግን አልተቆጧትም፤ ምክንያቱም ምን እንደሚያደርጉ የነገረቻቸው እሷ ናት። እርጥብ ጨርቅ፣ ቀስ እያሉ ማንቀሳቀስ፣ ውሃ መጠጣት፣ ትኩሳት ከበረታ ፓራሲታሞል። «ሁለት ቀን ነው፣ ከሁለት ቀን ካለፈ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ነርሷ» ትላለች። ዶክተር ሆና ከሰጠችው ምክር ሁሉ ትክክለኛው ይሄ ነው፤ የራሷ ያልሆነውም ይሄ ብቻ ነው።

ረቡዕና ሐሙስ እኔ ተኮስኩ፤ እሷ በርጩማው ላይ ሆና በቀኟ ውሃ ትረጫለች፣ በአፏ ታርማለች። አርብ ጠዋት ስደርስ ቆማ ነበር። ግራ እጇን እንደ ክንፍ ሁለቴ አወዛወዘች። እጇን ዘረጋችልኝ፤ ሰላም ልትለኝ መሰለኝ፣ ለካ ካውያውን አምጪ ነው። ሰጠኋትና ወደ ገንዳ ተመለስኩ። ውሃው እንደ ድሮው ነው፤ እሱም አልናፈቀኝም፣ እኔም አልናፈቅኩትም።

ሁለተኛው ክትባት ከወር በኋላ ቅዳሜ ከሰዓት ዋለ። ዶክተሯ ገና በሩ ላይ ሆና «እኔን ስለ ጽሕፈት እንዳትጠይቂኝ!» አለቻት ነርሷን። ከዚያ ወዲህ ነርሷ ላውንደሪ ለሚሠራ ሰው በየት ትጽፋለህ አትልም፤ በየትኛው እጅህ ነው የምትሠራው ነው የምትለው። ዶክተሯ በኩራት ቀኟን ሰጠች። ትኩሳትም አልነካት፣ እጇም አላመማት።

እኔን በዚህኛው ያዘኝ። የጓጓሁለት ትኩሳት ሙሉውን፣ ከነራስ ምታቱ፣ ከነድካሙ መጣ። እሁድ ቀን። በእረፍቴ ቀን። ባሌ ሻይ አፈላ፤ ስኳሩን ረሳው።

ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ዶክተሯ ናት። በግራ እጇ እርጥብ ጨርቅ በላስቲክ ይዛለች። እጅጌዬን ጠቅልላ አስቀመጠችልኝ፤ ግንባሬን በመዳፏ ለካች።

«ነገ ደህና ነሽ፣» አለች።

«ነገ?»

«ጠዋት ላይ ይለቅሻል። ሁለት ቀን እንኳ አይሞላም።»

ያን ጊዜ ብቻ ትክክል እንዳትሆን ጸለይኩ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የትራሴን ልብስ በጣቷ እያለሰለሰች፣

«ሁለቱን ቀን ሳይሽ፣» አለች፣ «እጅጌ ላይ ደህና ነሽ። ኮሌታ ላይ ግን አትረቢም። ከጫፍ ወደ መሀል ነው እንጂ ከመሀል ወደ ጫፍ አይደለም። እቤትሽ ካውያ አለሽ?»

«አለ።»

«ተለማመጂ እንግዲህ። እኔ የትም አልሄድም፣ እንዳትጓጊ። ግን ተለማመጂ።»

ሰኞ ጠዋት ግንባሬን ዳሰስኩ። ቀዝቃዛ ነበር።